የምሳው ጠረጴዛና የሰፈሩ አጥር፦ የአሜሪካ ተማሪዎች የመቧደን ታሪክ

ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች እንዲሉ፣ ተማሪም እንደ ሰፈሩ ይቧደናል። የአሜሪካን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምግብ አዳራሽ አለ። በአንደኛው ጠረጴዛ ኳስ ተጫዋቾቹና ውበታቸው የተመሰከረላቸው ልጃገረዶች ተቀምጠዋል። በሌላው ከመጽሐፍ የማይለዩት ጎበዞች፣ ራቅ ብለው ደግሞ ጥቁር ለብሰው ከማንም ጋር የማይነጋገሩት አሉ። ጥግ ላይ አንድ ምስኪን ልጅ ሳንድዊቹን ብቻውን ይበላል። ተመልካቹም ይስቅና «ልጅነት ነው፣ ያልፋል» ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከሃያ ዓመት በላይ ስኖር፣ ልጆቼንም እዚያው ሳስተምር፣ ይህ ጠረጴዛ ከልጆቹ ዕድሜ እጅግ የሚረዝም ታሪክ እንዳለው ለመረዳት በቅቻለሁ። ማን ከማን ጋር ምሳ እንደሚበላ ልጆቹ ከመወለዳቸው በፊት በቤት ብድር ውል፣ በፍርድ ቤት ውሳኔና በክፍል ድልድል ገሚሱ ተወስኖ ያለቀ ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ይህንኑ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በቅድሚያ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ የተዋሰው «ክሊክ» የሚለው ቃል ለእኔ ትውልድ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ በአብዮቱ ዘመን በመግለጫና በመፈክር ስንሰማው የኖርነው ነው። የቅርብ ዘመዱ «አንጃ» ደግሞ ሰው ያስገደለ ቃል ነበር። አብረው ምሳ ለሚበሉ የ15 ዓመት ልጆች ሁለቱም ስለሚከብዱ «ቡድን» የሚለውን መርጫለሁ። ሁለተኛው ቃል «ከተማ ዳር» ነው። እኛ ከተማ ዳር ስንል መንገዱ ጭቃ፣ ቤቱ ጎጆ፣ ነዋሪውም ድሃ ሆኖ ይታየናል። የአሜሪካው «ሰበርብ» ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ሣሩ የታጨደ፣ ቤቱ ባለ ጋራዥ፣ ነዋሪውም ባብዛኛው ደሞዙ ደህና የሆነ ሰው ነው። ድሃው የቀረው መሐል ከተማው ውስጥ ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ አንባቢ የሚከተለውን ታሪክ በግልባጩ ሊረዳው ይችላል።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከሰበርብ አይደለም። በ1910 ገደማ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 ከሆኑት አሜሪካውያን ወጣቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኙት ከመቶ 20 እንኳ አይሞሉም ነበር። የቀሩት በእርሻ፣ በፋብሪካና በሱቅ ሥራ ላይ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የተከበረው ትምህርት ቤት የከተማው ነው። የነጋዴውና የጠበቃው ልጅ የሚማረው እዚያ ነበር። እነዚህ ልጆች ኮሌጅ የገቡ ታላላቆቻቸውን እያስመሰሉ በግሪክ ፊደላት የሚጠሩ ምሥጢራዊ ማኅበራት አቋቋሙ። አባል የሚሆነው ነባሮቹ የፈቀዱለት ብቻ ነው። ወላጆችና ርእሰ መምህራን «የሕዝብ ትምህርት ቤት ውስጥ መሳፍንት አንፈልግም» በሚል ስሜት ተነሡባቸው፤ በርካታ ክፍለ ግዛቶችም ማኅበራቱን በሕግ ከለከሉ። እንግዲህ ዛሬ የሰበርብ ምልክት የሚመስለን የትምህርት ቤት ቡድን የተወለደው መሐል ከተማ ውስጥ ነው ማለት ነው። ወደ ዳር የወጣው የከተማው ባለጸጋ ሲወጣ አብሮ ነው።

የድሃው ልጅስ አይቧደንም ነበር? ይቧደን ነበር እንጂ። ፍሬድሪክ ትራሸር የተባለ የቺካጎ የኅብረተሰብ ተመራማሪ በ1927 ባሳተመው መጽሐፉ በዚያች ከተማ 1,313 የወጣት ቡድኖችን መቁጠሩን ጽፏል። እሱ ግን የሰጣቸው ስም ሌላ ነበር፤ እኛ «የወሮበላ ቡድን» ብለን የምንተረጉመው «ጋንግ» የሚለው ነው። የትራሸርን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ከቡድኖቹ ብዙዎቹ አብረው ከመጫወትና አብረው ከመዞር የጀመሩ መሆናቸውን ይገነዘባል። የባለጸጋው ልጅ ሲቧደን «ክሊክ»፣ የድሃው ልጅ ሲቧደን «ጋንግ»! ይህ የስም ልዩነት ከዚያ ወዲህ ላለው ታሪክ ሁሉ እንደ ጥላ ተከትሎ ሄዷል።

በኢኮኖሚው ቀውስ ዘመን ሥራ ሲጠፋ ወጣቱ ወደ ትምህርት ቤት ጎረፈ። በ1940 ከዚያው ዕድሜ ክልል ከመቶ 70 በላይ የሚሆኑት ተማሪ ሆነው ነበር። የሀብታሙና የድሃው ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙ ምን ይሆናል? ይህን የመረመረው ኦገስት ሆሊንግስሄድ ነው። በ1941 እና በ1942 ሞሪስ በምትባል አንዲት ትንሽ የኢሊኖይ ከተማ ውስጥ 735 ወጣቶችን አጥንቶ፣ ከተማዋን «ኤልምታውን» የሚል የብዕር ስም ሰጥቶ፣ በ1949 መጽሐፉን አሳተመ። ነዋሪውን በአምስት የኑሮ ደረጃ ከፍሎ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚውሉ ቢቆጥር፣ ከአምስት ወዳጅነት ሦስቱ ያህል በአንድ ደረጃ ልጆች መካከል የተመሠረተ ሆኖ አገኘው። የቀረውም ቢሆን ከሞላ ጎደል ከአንድ እርከን አይርቅም። የባንክ ባለቤቱ ልጅ ከቀን ሠራተኛው ልጅ ጋር በአንድ ክፍል ይማራል፤ ደወል ሲደወል ግን እያንዳንዱ ወደ አባቱ ወገን ይሄዳል። ተማሪዎቹ ራሳቸው ጓደኞቻቸውን «ምርጦቹ»፣ «ደህናዎቹ ልጆች» እና «ቆሻሾቹ» በሚሉ ዓይነት ስሞች ይከፍሏቸው ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መለያየቱ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቶ መሬት ላይ ተሠመረ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤት ብድር ዋስትና መሥሪያ ቤት ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር «አስጊ» ብሎ ስለሚመድብ፣ በቀላል ወለድ ቤት መግዛት የነጭ ዕድል ሆኖ ቆየ። በ1947 ኒው ዮርክ አጠገብ የተጀመረችው ሌቪታውን ከ17 ሺህ በላይ ቤቶች ያሏት የሰበርብ አርአያ ነበረች፤ የመጀመሪያዎቹ የኪራይ ውሎቿም ከነጭ በቀር ሌላ ሰው እንዳይኖርባቸው በጽሑፍ ይከለክሉ ነበር። በ1956 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ ደግሞ መሐል ከተማ ሠርቶ ዳር መኖርን አቀለለ። በዚህ ላይ ከአሜሪካ ትምህርት ቤት ዋና ዋና የገቢ ምንጮች አንዱ የአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር መሆኑን አስቡት። ውድ ቤት ያለበት ሰፈር ሀብታም ትምህርት ቤት አለው፤ ርካሽ ቤት ያለበት ደግሞ ድሃ ትምህርት ቤት። ሆሊንግስሄድ በአንድ ምግብ አዳራሽ ያያቸው የተለያዩ ጠረጴዛዎች አሁን የተለያዩ ከተሞች ሆኑ።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበረው ጄምስ ኮናንት በ1961 የድሃ ሰፈሮችንና የሰበርብን ትምህርት ቤቶች የሚያነጻጽር መጽሐፍ ሲያሳትም፣ በሀብታም ሰበርብ ለአንድ ተማሪ በዓመት እስከ 1,000 ዶላር ሲወጣ በትልልቅ ከተሞች ድሃ ሰፈር የሚወጣው የዚህ ግማሽ እንኳ እንደማይሞላ አስታወቀ። ትምህርት አቋርጠው ሥራ ፈት ሆነው መንገድ ላይ የቆሙትን የከተማ ወጣቶችም ሊፈነዳ ከደረሰ ነገር ጋር አመሳሰላቸው። የሚገርመው ግን ይኸው ሰው ልጆችን ከሰፈር ሰፈር እያጓጓዙ ማቀላቀሉን አልደገፈም። በሽታውን አይቶ ከመድኃኒቱ ፊቱን አዞረ ማለት ነው።

በዚያው በ1961 ጄምስ ኮልማን የዐሥር የኢሊኖይ ትምህርት ቤቶችን ጥናት አወጣ። ከዐሥሩ መካከል የገጠር ከተማ፣ የፋብሪካ ከተማ፣ የሀብታም ሰበርብና የቺካጎ ትምህርት ቤቶች ነበሩበት። ወንዶቹን «ከትምህርት ቤት ስትወጣ በምን እንድትታወስ ትሻለህ? በጎበዝ ተማሪነት፣ በስፖርት ኮከብነት ወይስ በተወዳጅነት?» ብሎ ቢጠይቃቸው ስፖርቱ ልቆ ተገኘ። ልጃገረዶቹ ዘንድ ደግሞ መልክና አለባበስ ከውጤት ይቀድም ነበር። ወላጅ ሰበርብ ቤት የሚገዛው ለትምህርቱ ጥራት ብሎ ነው፤ ልጁ ግን በጓደኞቹ ፊት የሚመዘነው በሌላ ሚዛን ነው። ይህም የሆነው አለምክንያት አይደለም። የሒሳብ ውጤት የግል ነው፤ ጎበዙ ሲያገኝ ሌላው ያንሳል። የኳሱ ድል ግን የሁሉም ነው፤ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ያስጨፍራል።

ወደምኖርባት ወደ ዋሽንግተን ልምጣ። በዚህች ከተማ በ1870 የተመሠረተውና ከ1916 ጀምሮ ደንባር ተብሎ የሚጠራው ትምህርት ቤት በአሜሪካ ለጥቁሮች የተከፈተ የመጀመሪያው የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ጥቁሩ ሐኪም፣ ጥቁሩ ፖስታ አመላላሽና ጥቁሯ ገረድ ልጆቻቸውን እዚያው ይልኩ ነበር። የቀድሞ ተማሪዎቹ እንደጻፉት በመካከላቸው በቤተሰብ ማዕረግና በቆዳ ቅላት መለያየት ነበረ፤ ሆኖም ሁሉም የሚኮራበት አንድ ቤት ነበር። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዋሽንግተንን ጨምሮ በዘር የተለያዩ ትምህርት ቤቶችን ሲሽር፣ ደንባር ከየአቅጣጫው ተማሪ መሰብሰቡ ቀርቶ የአካባቢው ልጆች ብቻ የሚማሩበት ሆነ። ነጮቹም ተነሡ። ከ1950 እስከ 1960 ባሉት ዐሥር ዓመታት በከተማዋ የነጮቹ ቁጥር ከ150 ሺህ በላይ ቀነሰ። ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሰበርብ ሄዱ።

ከቀሩት ጋር መቀላቀሉስ እንዴት ሆነ? የከተማዋ ትምህርት መሥሪያ ቤት በ1956 ተማሪዎችን በፈተና ለይቶ በአራት ምድብ ማስተማር ጀመረ። በሩ አንድ ሆነ፤ ክፍሉ ግን ተለያየ። በ1967 ስኬሊ ራይት የተባሉ ዳኛ ፈተናው የድሃውንና የጥቁሩን ልጅ ችሎታ በትክክል እንደማይለካ፣ ምድቡም ልጁን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ እንደሚያስቀረው በዝርዝር አስረድተው አሠራሩን አገዱ። አንድ ልጅ በቀን ስድስት ሰዓት ከነማን ጋር እንደሚቀመጥ ወሳኙ የክፍሉ ዝርዝር ነው። ምሳ ሲደርስ «ጓደኛ ምረጥ» ብንለው የሚመርጠው ከሚያውቃቸው ነው።

ወሳኙ ቀን የመጣው ግን በዲትሮይት ጉዳይ ነው። ስቲቨን ሮዝ የተባሉት ዳኛ በ1972 ከተማዋ ብቻዋን ልትቀላቀል እንደማትችል ተመልክተው ዲትሮይትን ከ53 የሰበርብ የትምህርት ወረዳዎች ጋር የሚያጣምር ዕቅድ እንዲወጣ አዘዙ። በሐምሌ 1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ ሻረው። ሰበርቦቹ በደሉን ስለ መፈጸማቸው ማስረጃ ካልቀረበ በቀር የወረዳው ድንበር አይታለፍም ተባለ። ከአራቱ ተቃዋሚዎች አንዱ፣ ጥቁሩ ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል፣ ይህ ውሳኔ ትልልቅ ከተሞችን ለጥቁርና ለነጭ ለሁለት እንደሚከፍል አስጠነቀቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የከተማውና የሰበርቡ ልጅ በአንድ ምግብ አዳራሽ የመገናኘት ዕድላቸው በጣም ጠበበ።

በዚያው በዲትሮይት ዳርቻ፣ ከውሳኔው ዐሥር ዓመት ያህል በኋላ፣ ፔነሎፔ ኤከርት የተባለች የቋንቋ ተመራማሪ ተማሪው በሙሉ ነጭ ለማለት በሚቻል ትምህርት ቤት ገብታ ልጆቹን አጠናች። መጽሐፏ በ1989 ታትሟል። ሁለት ጎራዎች አገኘች። አንደኛው በትምህርት ቤቱ ክበባትና ስፖርት የተጠመደ፣ ኮሌጅ የሚጠብቀው፣ በአብዛኛው የባለደሞዝ ልጅ ነው። ሁለተኛው በአብዛኛው የሠራተኛ ልጅ ሲሆን የሚተማመነው በሰፈር ጓደኞቹና በዘመዶቹ ነው፤ ሥራ የሚያገኘውም በእነሱ በኩል ነው። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የእነዚህ የሁለተኞቹ ዓይን ወደ ዲትሮይት የሚያይ መሆኑ ነው። አናባቢዎችን የሚጠሩበት መንገድ እንኳ ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ከተሜው ያደላ ነበር። ወላጆቻቸው ከከተማዋ ሸሽተው የሠሩት አጥር እነሆ በልጆቻቸው አፍ ውስጥ ተመልሶ መጣ! አብዛኛው ተማሪ ራሱን ከሁለቱ መካከል ያስቀምጥ እንደነበርም ኤከርት መዝግባለች፤ ፊልሞቹ የሚረሱት ይህን መካከለኛ ነው።

ሰበርብ ያለ ቡድን የአገር ጉዳይ የሆነው በ1999 ነው። ሚያዝያ 20 ቀን በዴንቨር ዳርቻ በሚገኘው በኮለምባይን ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች በዕለቱ 12 ተማሪዎችንና 1 መምህር ገደሉ። ጋዜጦች ወዲያው የስፖርተኞችና የጥቁር ለባሾች የቡድን ጠብ አድርገው አቀረቡት። ኋላ በወጡ ምርመራዎች ግን ይህ ታሪክ የማይጸና ሆኖ ተገኘ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ነገር ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ብዙ የከተማ ልጆች በጥይት ሲወድቁ የሚጠየቀው «የትኛው ጋንግ ነው?» ተብሎ ለፖሊስ ነበር። የሰበርብ ልጆች ሲወድቁ ግን «ምን በደልናቸው?» ተብሎ የሥነ ልቦና ባለሙያ ተጠየቀ። ትራሸር ዘመን የተጀመረው የስም ልዩነት በሐዘን ቀን እንኳ አልተረሳም።

አሁን ወደ እኛው ልመለስ። ከ1980 የስደተኞች ሕግ በኋላ ብዙ ወገኖቻችን ዋሽንግተን ገብተው አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር ተሰባሰቡ፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። ቀስ በቀስ ደግሞ «ለልጆች ጥሩ ትምህርት ቤት» እያልን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጣን። የበኩር ልጄ የተማረው በከተማው፣ ታናሿ ደግሞ በሰበርቡ ትምህርት ቤት ነው። ልጄ ስለ ጓደኞቹ ሲያወራ የሚቆጥረው መንገድ ነበር፤ የትኛው ጎዳና ላይ ማን እንደሚኖር፣ ከማን ጋር አብሮ ወደ ቤት መመለስ እንደሚሻል። ለእሱ ቡድን ማለት መንገድ ላይ ብቻውን አለመሆን ነው። ሳልቫዶራዊውም፣ ጥቁር አሜሪካዊውም፣ ሐበሻውም የሰፈሩ ልጅ እስከሆነ ድረስ አብሮት ይሄዳል።

ልጄ ግን የምትቆጥረው ክፍልና ጠረጴዛ ነበር። አንድ ማታ «ምሳ ከማን ጋር ነው የምትበዪው?» ብዬ ጠየቅኋት። «አባዬ፣ ከክፍሌ ልጆች ጋር ስበላ ጥቁሮቹ ‹ነጭ ሆነሻል› ይሉኛል። ከጥቁሮቹ ጋር ስበላ ‹አነጋገርሽ እንደኛ አይደለም› ይሉኛል። ከሐበሾቹ ጋር ስበላ ግን ማንም ምንም አይጠይቀኝም» አለችኝ። በከፍተኛው የሒሳብ ክፍል ውስጥ ከእሷ በቀር ሌላ ጥቁር አልነበረም። ስለዚህ የክፍል ጓደኛና የምሳ ጓደኛ ለእሷ ሁለት የተለያዩ አገሮች ነበሩ። የሐበሾቹ ጠረጴዛ ከኩራት የመጣ የሚመስላቸው መምህራን ነበሩ። እኔ ግን ከዝናብ መጠለያ ሆኖ ታየኝ።

ታዲያ መፍትሔ የለውም? አለው ለማለት የሚያበቃ ጥናት አለ። ጄምስ ሙዲ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከመላ አገሪቱ ከተሰበሰበ የተማሪዎች መረጃ ተነሥቶ በ2001 ባወጣው ጽሑፍ፣ ተማሪዎች በዘር ተለያይተው የሚወዳጁት ስብጥሩ መካከለኛ በሆነበት ትምህርት ቤት ይበልጥ መሆኑን አሳይቷል። ስብጥሩ በጣም ሲበዛ ደግሞ መለያየቱ መልሶ ይላላል። በሙዚቃ፣ በቲያትርና በስፖርት ቡድኖች ውስጥ ልጆቹ ተቀላቅለው በሚሠሩበት ቤትም ወዳጅነቱ ከዘር አጥር ይሻገራል። የጋራ ሥራ ይሰጣቸው እንጂ ልጆቹ መንገዱን ያገኙታል። ኮልማን ስለ ኳሱ ያየውም ይኸው ነው፤ ድሉ የጋራ ሲሆን ክብሩም የጋራ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። የመቧደን ፍላጎቱ የልጆቹ ነው፤ ጓደኛ የሌለው ልጅ እንደሌለው ሁሉ አይቆጠርምና። ቡድኑ በምን መስመር እንደሚሰነጠቅ የሚወስኑት ግን አዋቂዎች ናቸው። ከተማ ውስጥ መስመሩ ጎዳናው ሆነ፤ ጎዳናውን አስፈሪ ያደረገው ከከተማው የሸሸው ገንዘብ ነው። ሰበርብ ውስጥ መስመሩ የክፍል ድልድሉ ሆነ፤ ድልድሉን የሚሠራው ጽሕፈት ቤት ነው። ስለዚህ ቤት ገዝቶ ልጁን ወደ «ጥሩ ትምህርት ቤት» ሊወስድ ላሰበ ወገኔ ምክር ቢጤ አለኝ። የፈተናውን ውጤት መጠየቁ መልካም ነው። እንደዚያው ሁሉ በከፍተኛው ክፍል እነማን እንደሚቀመጡ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆቹን የሚያገናኝ ምን ሥራ እንዳለ፣ ማታ ወደ ቤት የሚመልሳቸው አውቶቡስ ይኖር እንደሆነ ይጠይቅ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ መኪና የሌለው ወላጅ ልጅ ግን ለቲያትር ልምምድ የሚቆየው ያ አውቶቡስ ካለ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ላለው አንባቢም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የግል ትምህርት ቤቱ ልጅና የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ልጅ በአንድ ከተማ እየኖሩ ሳይተዋወቁ የሚያድጉበት ጊዜ መጥቷል። አሜሪካኖች አጥሩን ለመሥራት የፈጀባቸው ሃያና ሠላሳ ዓመት ነው፤ ሊያፈርሱት ሲሞክሩ ግን ከሰባ ዓመት በላይ አልፏቸዋል።